«ያበደች» ጥንቸልና የመሐንዲስ ዓይን
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብ ወይም ስለ መንገድ ይናገራል ብላችሁ የጠበቃችሁት ሰው ስለ ዱር ጥንቸል ለመናገር መነሣቱ ጥቂት ሳያስገርማችሁ እንደማይቀር እገምታለሁ። ይሁን እንጂ የእኛ ሙያ ሰውን ከከተማ አውጥቶ በሜዳና በተራራ የሚያሳድር ሙያ ነው። ቀያሹ ገና ጎሕ ሲቀድ መሣሪያውን ይተክላል፤ የመንገድ መሐንዲሱም ከሥራ ቦታ ወደ ሰፈሩ የሚመለሰው ብዙውን ጊዜ ከመሸ በኋላ ነው። እነዚህ ሁለት ጊዜያት፣ ማለትም ንጋትና ምሽት፣ የጥንቸል ጊዜያት ናቸው። ስለዚህ ከመካከላችን በመስክ ሥራ የቆየ ሁሉ ይህችን እንስሳ ማየቱ፣ አይቶም በአድራጎቷ መደነቁ አይቀርም። «ይህች ደግሞ ምን ነካት?» ብለን ስቀን የምናልፍበት ጊዜ ብዙ ነው።

ዛሬ ላቀርብላችሁ የምፈልገው ሐሳብ አጭር ነው። ይኸውም፣ ትርጉም የለሽ መስሎ የሚታየንን አድራጎት የእብደት ወይም የሞኝነት ውጤት ነው ብለን ከመፍረዳችን በፊት፣ አድራጎቱ ለየትኛው ችግር የተሰጠ መልስ እንደሆነ መጠየቅ ይገባናል የሚል ነው። ይህን ጥያቄ ለጥንቸል መጠየቅ ቀላል ነው፤ ለሰው መጠየቅ ግን ለእኛ ለመሐንዲሶች ግዴታ ጭምር ነው። ከጥንቸሏ የምነሣውም በመጨረሻ ወደዚሁ ግዴታ ለመድረስ ነው።

በቅድሚያ ስለ እንስሳዋ ጥቂት ልበል። በአማርኛ «ጥንቸል» የሚለው ስም ሁለት ዓይነት እንስሳትን ያጠቃልላል። አንደኛዋ በቤት የምትረባው፣ በዱርም ስትኖር ጉድጓድ ምሳ የምትጠለለው ናት፤ ግልገሎቿ ሲወለዱ ጠጉር የላቸውም፣ ዓይናቸውም አይገለጥም። ሁለተኛዋ የዛሬው ርእሳችን የሆነችው የሜዳ ጥንቸል ናት። እርሷ ጉድጓድ አትምስም፤ ግልገሎቿም ጠጉር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ። በአገራችን ከሚገኙት የሜዳ ጥንቸሎች መካከል የደጋዋ ጥንቸል ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ በየትም አገር አትገኝም። በባሌ ደጋ ቀይ ቀበሮ ዋና ምግቡ አይጥና ፍልፈል ቢሆንም፣ ሲቀናው ይህችንም ጥንቸል ያድናል።

እንግዲህ የሜዳ ጥንቸል ግድግዳም ጣሪያም የሌላት፣ በር ዘግታ የማታድር እንስሳ መሆኗን በአእምሯችን እንያዝ። ያላት መከላከያ ዓይኗ፣ ጆሮዋና እግሯ ብቻ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምጠቅሳቸው አስገራሚ አድራጎቶቿ ሁሉ ከዚህ ከአንዱ መነሻ የሚመነጩ ናቸው።

የመጀመሪያው አድራጎቷ አለመሸሿ ነው። ቀን ቀን ጥንቸሏ ሰውነቷ በሚያህል፣ በሣር መካከል በተጎደጎደች ትንሽ ስፍራ ጆሮዋን በጀርባዋ ላይ አጋድማ ትተኛለች። ሰው ወደ እርሷ ሲመጣ ታያለች፣ ትሰማለች፤ ነገር ግን አትነሣም። እግር ሊረግጣት ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ትጠብቅና በድንገት ተፈናጥራ ትሮጣለች። የሚያያት ሰው «ቀደም ብላ ለምን አልሸሸችም?» ይላል። መልሱ በሒሳብ የሚገኝ ነው። በአጠገቧ ከሚያልፉት እንስሳትና ሰዎች አብዛኞቹ አያዩዋትም። ለእያንዳንዱ ብትነሣ ቀኑን ሙሉ ስትሮጥ መዋሏ ነው፤ መነሣቷም ራሱ መኖሯን ላላወቀው ሁሉ ይገልጣል። ስለዚህ መሸሽ ከመደበቅ የበለጠ ዋጋ የሚሰጥባት ነጥብ እስኪደርስ ድረስ ትቆያለች። ወደዚያች መኝታ ስትመለስም በቀጥታ አትገባም። የመጣችበትን ዱካ ተከትላ ወደ ኋላ ትመለሳለች፤ ከዚያም ወደ ጎን በረጅሙ ዘልላ ዱካዋን ትቆርጣለች። በአሸተታ የሚከታተላት ጠላት መንገዱ ድንገት ይጠፋበታል። ዱካዋን በጭቃ ላይ ያየ ሰው መንገድ የጠፋባት ይመስለዋል፤ እርሷ ግን ያጠፋችው የሌላውን መንገድ ነው።

ሁለተኛው አድራጎቷ ከፊተኛው ጋር የሚቃረን ይመስላል። በእንግሊዝ አገር በሶመርሴት ግዛት ጥንቸሎችን ለብዙ ዓመታት በትዕግሥት ይከታተል የነበረው አንቶኒ ሆሊ እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተመው ጥናት አንድ እንግዳ ነገር አሳይቷል። ቀበሮ በግልጽ ሜዳ ላይ እስከ 50 ሜትር ድረስ ወደ ጥንቸሏ ሲቀርብ፣ እርሷ በመተኛት ወይም በመሸሽ ፈንታ በኋላ እግሮቿ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ጆሮዋን አቁማ፣ ነጩን ሆዷን ወደ ቀበሮው አዙራ ታሳየዋለች። ሆሊ ከተመለከታቸው 33 አጋጣሚዎች በ31ዱ የሆነው ይኸው ነው። የሚበላት ጠላት ፊት ራሷን ግልጥ አድርጋ መቆሟ እብደት ካልተባለ ምን ይባላል?

ነገሩ የሚገባን የቀበሮውን የአደን ስልት ስናውቅ ነው። ቀበሮ ጎልማሳ ጥንቸልን በሩጫ አሸንፎ ለመያዝ ብዙም ተስፋ የለውም፤ ተስፋው ሳይታይ ተጠግቶ ድንገት መያዝ ነው። ጥንቸሏ ስትቆም «አይቼሃለሁ፤ አትድከም» ማለቷ ነው። ቀበሮውም መታየቱን ሲያውቅ ትቶ ይሄዳል። እርሷ የሩጫን ድካም ትቆጥባለች፤ እርሱም ከንቱ ልፋትን። ይህን ትርጉም የሚያጠናክረው ደግሞ በውሻ ፊት የምታደርገው ነው፤ ለውሻ እንዲህ አትቆምም። ውሻ አሳድዶ የሚያደክም አዳኝ በመሆኑ መታየቱ ተስፋ አያስቆርጠውምና ምልክቱ ለእርሱ ዋጋ የለውም። ስለዚህ አንዲት እንስሳ ለተኛ፣ ለቆመና ለሮጠ ሰውነቷ ሦስት የተለያዩ ጊዜያትን ለይታ ታውቃለች ማለት ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው የአባቶች ብሂል ለጥንቸል የተነገረ ይመስላል፤ ነገር ግን ጥርጣሬዋ በልክ የተመጠነ እንጂ ያገኘችውን ሁሉ የምትፈራበት አይደለም።

ሦስተኛው አድራጎቷ በእንግሊዝኛ ቋንቋ መተረቻ የሆነው ነው። እንግሊዞች ቅጥ ያጣ ሰውን በማርች ወር ጥንቸል ይመስሉታል፤ ይህም ወር የእኛን የየካቲት መጨረሻና መጋቢትን የሚያካትት ነው። ሉዊስ ካሮል እ.ኤ.አ. በ1865 ባሳተመው የልጆች መጽሐፍ ውስጥ የገባችውም ጥንቸል ከዚህ ተረት የመጣች ናት። በዚያ ወራት ጥንቸሎች በሜዳ ላይ ሲባረሩ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ በኋላ እግሮቻቸው ቆመው እንደ ቦክሰኛ ሲደባደቡ ይታያሉ። ለብዙ ዘመን ሁለት ወንዶች ስለ ሴት የሚያደርጉት ጠብ ነው እየተባለ ሲነገር ኖረ። ሆሊና ፖል ግሪንዉድ እ.ኤ.አ. በ1984 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። በአብዛኛው ከተደባዳቢዎቹ አንዷ ሴት ናት፤ የምትማታውም ጊዜዋ ሳይደርስ የሚያስቸግራትን ወንድ ለማራቅ ነው። ወቅቱም የማርች ወር ብቻ አይደለም፤ የመራቢያ ጊዜያቸው ከዓመቱ ከግማሽ በላይ የሚዘልቅ ነው። ታዲያ ሰው ለምን በማርች ብቻ አየው? በዚያ ወር ቀኑ እየረዘመ ሲሄድ ቀድሞ በጨለማ ይደረግ የነበረው ድብድብ በብርሃን ላይ ይወድቃል፤ ሣሩና አዝመራውም ገና አጭር ነው። ከዚያ በኋላ እህሉ ያድግና ይሸፍናቸዋል። እብደቱ የወሩ ሳይሆን የተመልካቹ ዓይን የደረሰበት ወሰን ነበር።

ባልደረቦቼ፤ ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለው። መለኪያችን የሚያሳየን ያለውን ነገር ሁሉ ሳይሆን ልናይበት በቻልነው ጊዜና ቦታ ያለውን ነው። ወንዝን በበጋ ብቻ የለካ ሰው ስለ ክረምቱ ጎርፍ ሊናገር እንደማይችል ሁሉ፣ ጥንቸልን በማርች ብቻ ያየ ሰውም ስለ ጠባይዋ ሊፈርድ አይችልም።

አራተኛው አድራጎቷ አንጀት የሚበላ ነው። እናቲቱ ግልገሎቿን በሜዳ ላይ ወልዳ ትታቸው ትሄዳለች። ከጥቂት ቀናት በኋላም ግልገሎቹ ራሳቸው ተበታትነው እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይደበቃሉ። ሜዳ ላይ ያገኛቸው ደግ ሰው እናታቸው የሞተች ወይም የከዳቻቸው መስሎት አንሥቶ ወደ ቤቱ ይወስዳቸዋል። እናቲቱ ግን አልከዳችም። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግልገሎቹ በተወለዱበት ስፍራ ይሰበሰባሉ፤ እርሷም መጥታ ለጥቂት ደቂቃ አጥብታቸው ትሄዳለች። ይህ የሚሆነው በቀን አንድ ጊዜ ነው። ዘወትር አጠገባቸው ብትቀመጥ የገዛ ሽታዋና እንቅስቃሴዋ ጠላትን ይጠራባቸው ነበር። በአንድ ስፍራ ቢቀመጡም አንዱን ያገኘ ሁሉንም ያገኛቸዋል። ስለዚህ መራቋ ጥበቃ ነው፤ መበታተናቸውም አደጋን መከፋፈል ነው። እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ፤ ግልገሉን የሚጎዳው ክፉ ሰው ሳይሆን ሳይጠይቅ የሚረዳ ደግ ሰው ነው።

አምስተኛው አድራጎቷ በአገራችን ልማድ ውስጥ የቆየ ጉዳይን ይነካል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ጥንቸልን አይበሉም፤ ኦሪት ዘሌዋውያን ጥንቸልን ከሚያመሰኩት ነገር ግን ሰኮናቸው ካልተሰነጠቀው ጋር ይቈጥራታልና። የአናቶሚ መምህር በበኩሉ ጥንቸል እንደ ላምና እንደ በግ አራት ክፍል ያለው ጨጓራ የላትም ይላል። ይሁን እንጂ በመኝታዋ ያለችን ጥንቸል አስተውሎ ያየ ሰው አፏ ሲንቀሳቀስ ያያል። ምክንያቱም የበላችው ሣር በትልቁ አንጀቷ መነሻ ባለው ከረጢት ውስጥ ከተብላላ በኋላ ለስላሳ ኩስ ሆኖ ሲወጣ መልሳ ትበላዋለች፤ በመጀመሪያው ጉዞ ያልተወሰደውን ምግብ በሁለተኛው ታገኘዋለች። ደረቁን ኩስ ግን ትተወዋለች። መንገዱ ከላም የተለየ ቢሆንም ሥራው አንድ ነው፤ አንዱን መኖ ሁለት ጊዜ ማሠራት። ይህ ለእኛ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በአንድ ዙር ያልተጠናቀቀን ውጤት ወደ መነሻው መልሶ ማስገባት በፋብሪካ ውስጥ የታወቀ ሥርዓት ነው። ከሩቅ ሲያዩት አስጸያፊ የሚመስለው ነገር፣ ውስጡ ሲታወቅ የቁጠባ ሥርዓት ሆኖ ይገኛል።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ሜዳው ነው። አሁን ጥንቸሏ የእኛን ሥራ ወደምትገናኝበት ስፍራ እንምጣ።

እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 2007 በኢጣሊያ አገር የሚላኖ ሊናቴ አውሮፕላን ማረፊያ ለሦስት ሰዓታት ያህል ተዘግቶ ነበር። ምክንያቱም በማረፊያው ሜዳ የበዙትን ጥንቸሎች ሰዎች ሰልፍ ሠርተው እያባረሩ በመረብ እንዲይዟቸው ነው። አውሮፕላን በሚያገሣበት ስፍራ ጥንቸል መኖሯ ለምን ይሆን? አውሮፕላን ማረፊያ ምን እንደሆነ በጥንቸል ዓይን እንመልከተው። ሣሩ ዘወትር የሚታጨድ ሰፊ ሜዳ ነው፤ ጠላት የሚደበቅበት ቁጥቋጦ የለም፤ ዙሪያውን በአጥር የተከበበ ስለሆነ ውሻና አዳኝ አይገባም። ጩኸቱ ትልቅ ቢሆንም አያሳድዳትም። ስለዚህ እኛ ለአውሮፕላን ስንሠራ፣ ሳናስበው ለጥንቸል የሚመች ስፍራ ሠርተናል። ጥንቸሏ አላበደችም፤ የተሠራላትን ቤት ተቀበለች እንጂ።

በመንገድ ላይ ግን ነገሩ በተቃራኒው ነው። በማታ በገጠር መንገድ የነዳ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ጥንቸል በመኪና መብራት ውስጥ ስትገባ ወደ ጎን ወጥታ በመዳን ፈንታ በመብራቱ ውስጥ ወደ ፊት ትሮጣለች፤ አንዳንዴም ግራና ቀኝ እየተጣጠፈች በዚያው በመንገዱ ላይ ትቀራለች። ሾፌሩ «ሞኝ!» ይላል። ነገር ግን ዓይኗ ለንጋትና ለምሽት ጭላንጭል የተሠራ ነው፤ ኃይለኛው መብራት ያፈዝዘዋል፤ ከብርሃኑ ውጭ ያለው ሁሉ ደግሞ ለእርሷ የጨለማ ግድግዳ ይሆንባታል። ዓይኖቿ በራስዋ ጎንና ጎን የተቀመጡት ዙሪያዋን ለማየት ነው፤ የልቧ መተማመኛም ከኋላዋ የሚመጣውን እያየች በድንገት መታጠፍ ነው። ይህ መታጠፍ ፍጥነት ያለውን አዳኝ ሚዛን ያስታል፤ ብዙ ጊዜም ያድናታል። መኪና ግን ሊበላት አያሳድዳትም፤ ሚዛኑንም አይስትላትም። የመንገዱን ስፋት ሞልቶ በቀጥታ ይመጣል እንጂ።

ጉዳዩን በቁጥር እንየው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይሄዳል። በመንገድ ንድፍ ለሾፌሩ ማየትና መወሰን በተለምዶ የምንይዘው ጊዜ 2.5 ሰከንድ ነው። ስለዚህ እግሩ ፍሬኑን ሳይነካ መኪናው 55 ሜትር አልፏል። ቀበሮው 50 ሜትር ሲቀርብ ጥንቸሏ ቆማ ለመነጋገር ጊዜ አላት፤ በዚያው ርቀት ላይ ግን ሾፌሩ ገና እያሰበ ሳለ ነገሩ ያበቃል። ጥንቸሏ የያዘችው ደንብ ለጠላቶቿ ትክክል የሆነ፣ በብዙ ሺህ ትውልድ የተፈተነ ደንብ ነው። የተለወጠው ጭነቱ ነው። ለአንድ ዓይነት ጭነት የተሠራ ምሰሶ ሌላ ዓይነት ጭነት ሲመጣበት ቢሰበር ምሰሶውን ሞኝ አንለውም። ስለዚህ በማታ የሚነዳ ባልደረባችን ጥንቸል በመብራቱ ውስጥ ስታገኘው ፍጥነቱን ቢቀንስ፣ ረጅሙንም መብራት ወደ አጭሩ ቢመልስ፣ የምትወጣበት መንገድ ይታያታል።

አሁን ወደ ሰው ልመለስ። በአንድ የገጠር መንገድ ሥራ ላይ ሳለሁ የደረሰን የጥገና ሪፖርት፣ የአካባቢው ሕዝብ በአንድ ስፍራ ላይ የመንገዱን የአፈር ድልድል እየናደ፣ የውሃ መሄጃውን ቦይ በድንጋይ እየደፈነ እንደሚሻገር፣ ምክርም እንደማይሰማ ይገልጻል። መሻገሪያ ደግሞ ጥቂት ራቅ ብሎ ተሠርቶላቸዋል። የሪፖርቱ መደምደሚያ «ግትርነት» የሚል ነበር። በማለዳ ሄደን ስንመለከት ግን ወደ ምንጩ የሚወርደው ዳገት ጭነት የያዘ አህያ ሳይንሸራተት ሊወርድበት የሚችለው በዚያ በአንዱ ስፍራ ብቻ ሆኖ አገኘነው። በተሠራው መሻገሪያ በኩል ያለው ቁልቁለት ዝናብ ሲመታው ያዳልጣል። እንስራ የተሸከሙት ሴቶች ይህን ከመንገዱ በፊት ያውቁ ነበር፤ ፕላኑ ግን አያውቅም። በዚያ ስፍራ ጥቂት የድንጋይ ደረጃና በቦዩ ላይ የሚጋደም ጠፍጣፋ ኮንክሪት ሲሠራ «ግትርነቱ» አበቃ፤ ድልድሉም መናዱን አቆመ።

ይህ ትንሽ ነገር ነው። ነገር ግን ሁልጊዜ በትንሽ ነገር አይቀርም። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ሕይወታቸውን ከሚያጡት መካከል አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ስለ እነርሱ የምንናገረው ንግግር ደግሞ ብዙ ጊዜ ስለ ጥንቸሏ ከምንናገረው አይለይም፤ «ድልድይ እያለላቸው በታች ያቋርጣሉ፤ መኪና እያዩ ይገባሉ» እንላለን። ከሾፌሩና ከእግረኛው ጥፋት አይገኝም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን እርጅና ላይ ያለች እናት ስንት ደረጃ መውጣት እንዳለባት፣ የአውቶቡሱ ማቆሚያ ከመሻገሪያው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ከትምህርት ቤት የሚወጣው ልጅ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ሳንለካ «አላዋቂ» የሚለውን ቃል በሪፖርት ላይ ማስፈር የሙያ ሥራ አይደለም። ለጥንቸሏ ከተሳሳተው ፍርዳችን የሚደርሰው ጉዳት የአንዲት እንስሳ ሕይወት ነው፤ በሰው ላይ ሲሆን ግን ፊርማችን ያለበት ሥራ የሰው ሕይወት ያስከፍላል።

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። ከዚህ በመነሣት እንግዳ የሆነ አድራጎት ሲገጥመን፣ አድራጊው እንስሳም ሆነ ሰው፣ ሦስት ጥያቄዎችን እንድናነሣ ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ይህ አድራጎት ለየትኛው ችግር የተሰጠ መልስ ነው? ሁለተኛ፣ ያየሁት በየትኛው ሰዓትና ወቅት ነው፤ ባላየሁበት ጊዜስ ምን ይደረጋል? ሦስተኛ፣ አድራጎቱ ቀድሞ ትክክል ከነበረ፣ የእኔ ሥራ ምን ለውጦበት ነው ዛሬ ስሕተት የሆነው? እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሆሊ በሶመርሴት ሜዳ ላይ ያዋለው ዋና ሀብት ጊዜና ትዕግሥት ነበር።

በመስክ መዝገባችን የምንጽፈው የከፍታና የርቀት ቁጥር ብቻ ነው። በገጹ ዳር የሚተርፍ ነጭ ስፍራ ግን አለ። የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤ በዚያ ስፍራ ላይ ሰው በየት እንደሚያልፍ፣ ከብት በየት እንደሚወርድ፣ ጥንቸልም በየት ተነሥታ በየት እንደምትሻገር፣ ከነሰዓቱ ብንጽፍበት ወረቀቱ አይጎድልብንም። ፕላኑን ለመሥራት በምንቀመጥበት ጊዜ ግን ከቁጥሮቹ እኩል እንደሚያስፈልገን አልጠራጠርም።